አሰፋሽና ኢንሹራንስ የተወው ሰማያዊ ፒክአፕ

ሱልጣና መኪና ነድታ አዋሽ ሰባት የገባች ዕለት አሰፋሽ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ዘመኑ 1961 ዓ.ም. ነው፤ ወሩ መስከረም ሊያልቅ፣ የጥጥ ለቀማው ሊጀመር ትንሽ ቀርቶታል። መጀመሪያ ክላክስ ሰማች። ቀና ስትል ከባቡር ጣቢያው በኩል አንድ አረንጓዴ ፒክአፕ አቧራውን እየጎተተ መጣና ከፊት ለፊቷ ካለው የሱልጣና ምግብ ቤት በር ላይ ቆመ። ሹፌሩ ሲወርድ ልታይ ጠበቀች። የወረደችው ራሷ ሱልጣና ናት። ሻሿን አስተካክላ የጋቢናውን በር በክርኗ ገፋ አድርጋ ዘጋችው፤ ዕድሜዋን ሙሉ የመኪና በር ስትዘጋ የኖረች ትመስል ነበር።

የአሰፋሽ ዓይን እንባ ሞላ። ከሽንኩርቱ ነው አለች በልቧ።

ባሏ ወልደ ኢየሱስ የሐዲድ ጠባቂ ነው። ቀኑን ሙሉ ሐዲዱን በእግሩ እየተከተለ የላላ ቡሎን ሲያጠብቅ ይውላል፤ ቤት ሲገባም ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ያን ቀን ግን ገና ከደጅ ሆኖ፣ «ሂጂና እንኳን ደስ አለሽ በያት እንጂ» አላት።

«እሄዳለሁ። ይቺን ሽንኩርት ልጨርስ።»

ሽንኩርቱ አለቀ። ነጭ ሽንኩርት ጀመረች። እሱም አለቀ። በመጨረሻ እጇን ታጥባ መንገዱን ተሻገረችና፣ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለች። ይህን ስትል ዓይኗን ከመኪናው ላይ አላነሣችም። ሱልጣና ግን አቅፋ ሳመቻትና «አሜን፣ ለአንቺም አላህ ይስጥሽ» ብላ ሻይ ቀዳችላት። ሻዩ እንዴት እንደ ጣፈጠ አሰፋሽ አሁንም ትዝ ይላታል፤ እሱም አበሳጭቷት ነበር።

ሁለቱ ሴቶች ወደ አዋሽ የመጡት በአንድ ዓመት ነው። አሰፋሽ ከቡልጋ ባሏን ተከትላ፣ ሱልጣና ከወሎ ባቲ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን። አንዷ ከጣቢያው መንገድ በስተቀኝ፣ አንዷ በስተግራ ምግብ ቤት ከፈቱ። እንደ እውነቱ ከሆነ የሚሻሙበት ነገር አልነበረም። የሱልጣና ደንበኛ የክርስቲያን ሥጋ አይበላ፣ የአሰፋሽ ደንበኛ የእስላም ሥጋ አይበላ። አሰፋሽ ይህን ታውቃለች። ብታውቅም ቅናቷ ምክንያት የሚጠይቅ ዓይነት አልነበረም። ሱልጣና ቤቷን ቆርቆሮ ስታለብስ ሦስት ቀን እህል አልዋጥላት ብሏት ነበር። ሱልጣና ሬዲዮ ስትገዛ የጎረቤቱ ሁሉ ጆሮ ወደዚያ ሲዞር፣ አሰፋሽ በገዛ ቤቷ መስኮት ላይ መጋረጃ ሰቀለች፤ እንዳይሰማ ይመስል።

መኪናው ግን ከዚህ ሁሉ የከፋ ሆነ። ያኔ ከአዋሽ ወዲያ መልካ ወረርና አካባቢው ጥጥ በጥጥ ነበር። በለቀማ ወራት ከየአገሩ የመጣው ሠራተኛ እንደ ጉንዳን ይፈስበታል። ሁለቱም ሴቶች ምሳ ሠርተው ለሠራተኛው የሚልኩት ወደ እርሻው በሚያልፍ በተገኘ የጭነት መኪና ነው፤ ምግቡ ሲደርስ ቀዝቅዞ፣ አንዳንዴም ሳይደርስ ይውል ነበር። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ግን የሱልጣና ድስት እንፋሎቱ ሳይጠፋ በሰዓቱ ይደርሳል። የእርሻው ጸሐፊዎች እንኳ ወደ ከተማ መውጣት ሲያምራቸው እሷን ጠብቀው ይሳፈራሉ። አሰፋሽ ጠዋት መኪናዋ ስትነሣ ታያለች፣ ከሰዓት ስትመለስ ታያለች። በመሀሉ ያለውን ጊዜ ደግሞ ምናልባት ዛሬ ተበላሽታባት ይሆናል እያለች ታሳልፋለች። አልተበላሸችም።

ፈንታ የሚባል ደላላ በባቡር ከአዲስ አበባ እየተመላለሰ ከዕጣን እስከ ብስክሌት ያገናኝ ነበር። አንድ ቀን ምሳ በልቶ ጥርሱን እየጎረጎረ ሳለ፣ አሰፋሽ መንገድ ማዶ ያለውን አረንጓዴ መኪና ስታይ አያት።

«እትዬ አሰፋሽ፣ እርስዎስ ለምን አይገዙም?»

«በምን አቅሜ?»

«አዲስ ማን ገዛ አልኩዎት? ኢንሹራንስ የተወው አለ እኮ!» ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተጠጋት። «አንድ ሰው መኪናው ይጋጭበታል። ኢንሹራንሱ ያያል፤ ከማሳደስ መክፈል ይቀለኛል ይላል። ሙሉ ዋጋውን ለባለቤቱ ይከፍልና መኪናውን ወስዶ እንዳለ በርካሽ ይሸጠዋል። ብልህ ሰው ገዝቶ ይጠግነዋል። አሁን አንድ ሰማያዊ ፒክአፕ አለ፣ ተጠግኖ ያለቀ፣ ሲያዩት ከፋብሪካ የወጣ ነው የሚመስለው።»

ወልደ ኢየሱስ ይህን ሲሰማ ጫማውን እያወለቀ ነበር። አንዱን አውልቆ ቆም አለ።

«ሀብታም ኩባንያ ዋጋውን ሁሉ ከፍሎ የሸሸውን ነገር አንቺ ምን ብለሽ ታነሺዋለሽ?»

«አንተ ሰላሳ ዓመት በእግርህ ሂድ። እኔ ሰለቸኝ።»

ይህን ብላ እንኳ ደነገጠች፤ ባሏን እንዲህ ተናግራው አታውቅም። እሱም ሁለተኛውን ጫማ አውልቆ ተኛ።

በሳምንቱ አሰፋሽ የወርቅ ሐብሏን ሸጣ፣ ያጠራቀመችውን ጨምራ ከፈንታ ጋር አዲስ አበባ ወጣች። መኪናው ያለበት ግቢ በየዓይነቱ የተጨማደደ መኪና የሞላበት ነው፤ የአንዱ አፍንጫ ገብቷል፣ የአንዱ ጣሪያ ወንበሩ ላይ ተኝቷል። ሰማያዊው ፒክአፕ ከእነዚያ መሀል ሙሽራ መስሎ ቆሟል። የጎማ ክዳኑ፣ ፓራፋንጎው፣ ያብለጨልጫል፣ ወንበሩ አዲስ ቆዳ ለብሷል። አሰፋሽ ገና ስታየው ያሰበችው አንድ ነገር ነው፦ ከሱልጣና መኪና ይበልጣል።

ፈንታ ሻጩን ሊጠራ ሲሄድ ጣሃ የሚባል፣ በግቢው ውስጥ ለፈለገው ሰው የሚሠራ መካኒክ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀረባት።

«ከየት ነሽ እናቴ?»

«ከአዋሽ።»

«እንዴ! ሱልጣና ልካሽ ነው?»

አሰፋሽ ደርቃ ቀረች። «ሱልጣናን የት ታውቃታለህ?»

«አረንጓዴዋን ከዚህ ነው የገዛችው። አፍንጫዋ ተጨራምቶ፣ ኢንሹራንስ ትቷት። እኔ ነኝ የሠራኋት። ወላሂ እንደሷ ያለ ገዥ አይቼ አላውቅም! ሁለት ወር በየሳምንቱ በባቡር እየመጣች አጠገቤ ቁጭ ትላለች። ቀለም እንኳ ከመቀባቴ በፊት አስነሥታ ሻንሲውን፣ መኪናው የቆመበትን የብረት አጥንት፣ ከማዕዘን ማዕዘን በገመድ አስለካችኝ። ሁለቱ ልክ እኩል ካልሆኑ አልገዛም ነው ያለችው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሄን ሰማያዊውን እኔ አልሠራሁትም። ዛሬ መኪና ማንሻው ክሪክ ተይዟል። ማክሰኞ ብትመለሺ አንሥቼ ከሥሩ አሳይሻለሁ። ከቀለሙ በታች ምን እንዳለ ሳታዪ ገንዘብሽን አታውጪ።»

ለአሰፋሽ ከዚህ ሁሉ ንግግር አንዱ ብቻ ነው የተሰማት። አፍንጫዋ ተጨራምቶ! ያ ስንት ቀን እንቅልፍ የነሣት መኪና ጥራጊ ኖሯል! ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ፍንድቅ አለ። ማክሰኞ እስኪደርስ ሦስት ቀን አለ፤ በሦስት ቀን ሱልጣና ሦስት ጊዜ መልካ ወረር ደርሳ ትመለሳለች። ደግሞስ ሱልጣና የለካችውን እሷም ለክታ ምኑን በለጠቻት? ሻጩ መጣ። በዚያው ቀን ገዛች።

ሀብተ ሥላሴ የሚባል፣ በፊት የእርሻው ትራክተር ነጂ የነበረ ሰው በሹፌርነት ቀጥራ አዋሽ የገባችው እሁድ ከሰዓት፣ ሰው ሁሉ ባቡር ሊያይ ጣቢያው ላይ በተሰበሰበበት ሰዓት ነው። ጊዜውን መርጣ ነው። መኪናውን ሱልጣና በር ፊት ለፊት አስቆመችው።

ሱልጣና ወጣች። «ማብሩክ! ማብሩክ አሰፋሽ! አላህ ይባርክልሽ!» ብላ እልል አለች። ከዚያ መኪናውን ዞረችው። ከኋላ በኩል ስትደርስ ቀሚሷን ሰብስባ ቁጢጥ አለችና ከሥሩ አየች። ቆየች። ስትነሣ ፊቷ ላይ ፈገግታው አልነበረም።

«አሰፋሽ፣ ከሥሩ አይተሽዋል?»

ሰው ሁሉ ያያል። አሰፋሽ ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። «አንቺ የራስሽን እይ! የአንቺ ኢንሹራንስ የጣለው ጥራጊ መሆኑን ያልሰማሁ መሰለሽ? አፍንጫው ተጨራምቶ ከቆሻሻ ግቢ እንዳነሣሽው አገር ይወቀው!»

አንዱ ሳቀ። ሌላው ተከተለ። ሱልጣና አሰፋሽን ትክ ብላ አይታ ቤቷ ገባች።

ወሬው በሦስት ቀን መልካ ወረር ደረሰ። ከሱልጣና ጋር ይሳፈሩ የነበሩት ጸሐፊዎች «ተሰባብሮ የተገጠመ ነው አሉ» እያሉ መቅረት ጀመሩ። የአሰፋሽ መኪናስ ከየት እንደ መጣ ማንም አልጠየቃት። የጠየቀ ቢኖር «የእኔ ቀለሙ ብቻ ነው የተፋቀው» ልትል ተዘጋጅታ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሀብተ ሥላሴ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ መጥቶ ደጅ ላይ ቆመ። «እትዬ፣ ይሄ መኪና መሪውን ወደ ግራ ካልጎተትኩት ጫካ ይዞኝ ሊገባ ይፈልጋል። የፊት ቀኝ ጎማውም በአንድ ጎኑ አልቋል። በሩም ጉድጓድ በገባን ቁጥር ራሱ ይከፈታል።»

«እሰረው።»

«በሩንስ አስሬዋለሁ። መካኒክ ይየው።»

«የአዋሽ መካኒክ ካየው ሰው ይሰማል!» አለች። «አንተ ጠንክረህ ንዳ።»

ኅዳር ገብቶ ለቀማው በደመቀበት በአንድ ረቡዕ፣ የጾም ምስር ወጥ በሁለት ትልልቅ ድስት፣ እንጀራ በቅርጫት ጭነው ወደ መልካ ወረር ጉዞ ጀመሩ። አሰፋሽ ጋቢና ውስጥ ናት። የሳቡሬን መንደር አለፍ እንዳሉ የአፋሮች ከብት ከግራር ሥር ወጥቶ መንገዱን ሞላው። ሀብተ ሥላሴ ፍሬን ያዘ። ያን ጊዜ ከጀርባቸው ጠመንጃ የተተኮሰ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። መኪናው ወገቡ ላይ ተሰበረ። ፊቱ ቀና፣ የጭነቱ ካሶኒ ወደ ኋላ ዝቅ ብሎ መሬት እየፋቀ ወደ ጎን ተጎትቶ እሾህ ውስጥ ቆመ። የታሰረው በር ገመዱ ተበጥሶ አሰፋሽ አቧራው ላይ ወደቀች።

ስትነሣ ግንባሯ ይደማል። ሀብተ ሥላሴ ትከሻውን ይዞ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። አንዱ ድስት ተገልብጦ ምስሩ አሸዋው ላይ ፈሷል። ካሶኒው ሥር፣ ሰማያዊው ቀለም በተላጠበት ቦታ፣ ሻንሲው ከአንድ ጊዜ በላይ ተሰብሮ የተበየደበት ጥቁር ጠባሳ ይታያል። የከብቶቹ ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ አፋር፣ ብረቱን በበትሩ ጫፍ መታ መታ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ።

ከወደ አዋሽ አቧራ ታየ። አሰፋሽ ጸለየች፤ ሌላ መኪና አድርገው፣ የፈለገው ይሁን፣ ብቻ አረንጓዴ አይሁን ብላ ጸለየች።

አረንጓዴ ነበር።

ሱልጣና ወርዳ መጀመሪያ ያየችው መኪናውን አልነበረም። ሻሿን ከራሷ ፈታ የአሰፋሽን ግንባር አሰረችው። ጥብቅ አድርጋ፣ ትንሽ እስኪያማት ድረስ። ከዚያ ለሀብተ ሥላሴ፣ «የተረፈውን ድስት እዚህ አምጣው፣ እንጀራውንም» አለችው።

«እኔ አልሄድም» አለች አሰፋሽ።

«ምን ልትሆኚ?»

«ከመኪናዬ ጋር እቀራለሁ።»

«ያ ሁሉ ሰው ከንጋት ጀምሮ ጥጥ ሲለቅም ውሎ ምሳ ይጠብቅሻል። ተነሺ! ቅናትሽንም ከኋላ ጫኚው፣ ቦታ አለኝ።»

አሰፋሽ ተነሣች። መኪናውን ሽማግሌው ሊጠብቅላቸው ቃል ገባ።

ጋቢናው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አሰፋሽ በዓይኗ ጥግ የሱልጣናን እጅ ታያለች፤ ማርሹን ስትለውጥ ሊጥ እንደምታዞር ቀለል ይልላታል። ደሟ እየፈሰሰ፣ ንብረቷ ጫካ ቀርቶ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ የሱልጣና እጅ አስቀናት። በራሷ አፈረች።

«ስታዪው አውቀሽ ኖሯል» አለች በመጨረሻ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርሽ ጀምሬ አልነበር? አፌን በሰው ፊት ዘጋሽው።»

«ከየት ተማርሽው ይሄን?»

ሱልጣና ከፊታቸው ያለውን ጉድጓድ ዞራ አለፈችና ነው የተናገረችው። «ባሌ ከድሩ፣ አላህ ይዘንለት፣ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበር። መንዳትም ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ባቲ ሜዳ ላይ። የሚነዳው የጭነት መኪና ተሰብሮ የተበየደ መሆኑን ባለቤቱ ደብቆት ነበር። ቁልቁለት ላይ ለሁለት ተከፈለበት። ይቺን መኪና የገዛኋት በካሳው ነው። ከሥር ሳላይ መኪና የማልገዛው ለዚያ ነው።»

ለአሰፋሽ ያ በመጋረጃ ሥር እያየች ስትቃጠልበት የኖረችው አረንጓዴ ቀለም ምን እንደ ሆነ አሁን ገባት።

«የምትቀኚ አንቺ ብቻ አይምሰልሽ» አለች ሱልጣና ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ። «እኔም ወልደ ኢየሱስ ከሐዲዱ ሲመለስ በመስኮት አየዋለሁ። ቤት ሲገባ።»

እርሻው ሲደርሱ የአሰፋሽ ምስር ለግማሹ ሰው እንኳ አልበቃም። ሱልጣና ለእስላሞቹ ሥጋ ወጥ፣ ለጾመኞቹ ደግሞ ሽሮ ይዛ ነበር፤ ሽሮውን በአሰፋሽ እንጀራ ላይ አፈሰሰችው። ሰዉ በላ። ማን እንደ ሠራው የጠየቀ አልነበረም።

በሚቀጥለው እሁድ፣ ባቡሩ ሊገባ ሲል፣ አሰፋሽ ግንባሯ እንደ ታሰረ ጣቢያው መሀል ቆመች። የሰደበቻት በሰው ፊት ነውና ስድቡን ማንሣትም በሰው ፊት ይገባል ብላ ወስና ነው የመጣችው። የምትናገረውን ሌሊቱን አጥንታዋለች፤ ሰዉን ስታይ ግን ጠፋባት።

«ስሙኝ! የሱልጣና መኪና ጥራጊ ነው ያልኩት ውሸት ነው» አለች። ከዚያ ቆም አለች። «ጥራጊስ ነው። ግን በደንብ የተሠራ ጥራጊ ነው። ጥራጊስ የእኔ ነው! ቀንቼባት ነው እንዲያ ያልኩት።»

ጣቢያው በሳቅ ተናወጠ። ወልደ ኢየሱስ መዶሻውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ሳቀ፤ እንዲያ ሲስቅ ከሠርጋቸው ወዲህ አላየችውም ነበር። ሱልጣናም በሯ ላይ ቆማ አፏን በሻሿ ሸፈነች። በማግስቱ ጸሐፊዎቹ አረንጓዴው ላይ መሳፈር ጀመሩ።

ፈንታ ከዚያ ወዲያ አዋሽ ላይ ከባቡር ወርዶ አያውቅም፤ ድሬዳዋ ድረስ ዝም ብሎ ያልፋል አሉ። ጣሃ ግን በደብዳቤ ተጠርቶ መጣ። የሰማያዊውን ሻንሲ በገመድ ለክቶ አሳያት፤ የሁለቱ ልክ ልዩነት አንድ ስንዝር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሞተሩ ግን ደህና ነበር፤ መኪናው በባቡር ተጭኖ ወደ ጣሃ ግቢ ሄደ። ለሞተሩ ቀጥ ያለ ሻንሲ ተፈልጎ እስኪገኝና እስኪገጠም አምስት ወር ፈጀ። አሰፋሽ በዚያ አምስት ወር በየሳምንቱ አዲስ አበባ እየወጣች ጣሃ አጠገብ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራ የቱ እንደ ሆነ፣ ብየዳ ሲታመንና ሲያታልል በምን እንደሚለይ ተማረች። ሱልጣና ሁለት ወር ስለ ተቀመጠች እሷ አምስት መቀመጧ ደስ ይላት ነበር። ሱልጣና መንዳት ላስተምርሽ ብትላት ግን እንቢ አለች። ከሀብተ ሥላሴ ተማረች፤ በመጀመሪያው ቀን የገዛ ቤቷን አጥር አፈረሰችው።

ቅናቷ አልለቀቃትም። ሱልጣና ቤቷን ቀለም ባስቀባች ቁጥር አሰፋሽ ራሷን ያማታል፤ ወልደ ኢየሱስም ያውቀዋልና «ዛሬ ደግሞ ምን ገዛች?» ይላታል። አንድ ሰው ያገለገለ መኪና ሊገዛ ሲያስብ ግን ከአዋሽም ከመልካ ወረርም እሷ ጋ ይመጣል። እሷም ቀሚሷን ሰብስባ መሬት ላይ ትተኛና ከሥር ታያለች።

ወደ ሚሌ የሚወስደው መንገድ ሲሠራ ሁለቱ ሴቶች ለመንገድ ሠራተኛውና ለተንዳሆ ጥጥ ለቃሚው ሽንኩርት፣ በርበሬና ሽሮ እየጫኑ ተከታትለው መሄድ ጀመሩ። አንድ ቀን፣ ዛሬ ሰመራ ከተማ በቆመችበት፣ ያኔ ግን ነፋስና ጥቁር ድንጋይ ብቻ በነበረበት ሜዳ ላይ፣ አሰፋሽ የሱልጣናን አቧራ መዋጥ ሰለቻት። ነዳጁን ረገጠችው። ጎን ለጎን ሲሆኑ ቀና ብላ ሱልጣናን አየቻት፤ ከዚያ አለፈቻት። በስፖኪዮዋ መስታወት ውስጥ አረንጓዴው እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ። እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ጥቂት ነዳች። ደግማ ስታይ ስፖኪዮው ውስጥ ባዶ ሜዳ ብቻ ነው ያለው። ቀነሰች። ጠበቀች። ማንም አልመጣም።

መኪናዋን አዞረች።

ሱልጣና ጎማ ለውጣ ጨርሳ፣ በመኪናዋ ጥላ ሥር ተቀምጣ ከፔርሙስ ሻይ ትጠጣ ነበር።

«ምነው ተመለስሽ?»

«ውኃ ረስቼ» አለች አሰፋሽ። ሁለት ጀሪካን ውኃ ከኋላዋ በግልጽ ይታያል። ሱልጣና ጀሪካኖቹን አየቻቸውና ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።